ወረፋ ልጠብቅ፣ ጭማሪ ልክፈል ወይስ ያገለገለ ልግዛ? ለውድ ስፖርት መኪና ገዢዎች የንጽጽር መመሪያ

ገንዘቡ ተዘጋጅቷል። ባንኩም እሺ ብሏል። ሻጩ ጋ ሲደርሱ ግን መኪናው የለም። «ስምዎን እንመዝግብ፣ ተራዎ ሲደርስ እንደውላለን» ይባላሉ። መቼ? «አንድ ዓመት፣ ምናልባት ሁለት።» አሜሪካ ውስጥ ፖርሽ 911 ጂቲ3፣ አዲስ ፌራሪ፣ ላምቦርጊኒ ሬቩዌልቶ ወይም ኮርቬት ዚ06 የፈለገ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰማው ይህንኑ ነው።

ከዚያ ምክሩ ይጎርፋል። አንዱ «ታገስ» ይላል። ሌላው «ጨምረህ ውሰድ፣ ገንዘብ ይመጣል» ይላል። ሦስተኛው «ያገለገለ ግዛና ተገላገል» ይላል። ሁሉም እንደ ሰዉ ሁኔታ ትክክል ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው አማራጮቹን ጎን ለጎን ማስቀመጥ የፈለግኩት።

የምጽፈው በተለይ ለአሜሪካ ነዋሪ ወገኖች ነው። ለዓመታት ሠርተው፣ ቢዝነስ አቁመው፣ ልጆች አስተምረው፣ አሁን ለራሳቸው አንድ የሚወዱትን መኪና መግዛት የሚሹ ብዙ ናቸው። ገንዘባቸው የላባቸው ውጤት ነው። ሳያስፈልግ አርባና ሃምሳ ሺህ ዶላር ጨምረው ሲከፍሉ፣ ወይም የሌለ ተራ ሲጠብቁ ማየት ያንገበግበኛል። ከታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

## ወረፋው ለምን ይረዝማል?

አንድ ነገር ከመነሻው ግልጽ ይሁን። የሻጩ ዝርዝር ቀድሞ የቆመ ቀድሞ የሚወስድበት የዳቦ ሰልፍ አይደለም። ፋብሪካው መኪናውን በኮታ ለሻጮች ያከፋፍላል። ኮታው ሲደርስ ለማን እንደሚሰጥ የሚወስነው ሻጩ ነው። በአሜሪካ እነዚህ ሻጮች ራሳቸውን የቻሉ ነጋዴዎች ናቸው። ፋብሪካው ዋጋ ይጠቁማቸዋል እንጂ በዚህ ሽጡ ብሎ አያስገድዳቸውም። ስለዚህ ሦስተኛ ተራ ላይ ያለ ሰው እየጠበቀ፣ ከዚያው ቤት አምስት መኪና የገዛ ደንበኛ ትናንት መጥቶ ሊወስድ ይችላል። ያበሳጫል፤ ግን ሕግ አልተጣሰም።

ፋብሪካዎቹም ሆን ብለው ቁጥሩን ያሳንሳሉ። የኤንዞ ፌራሪ መርህ ገበያው ከሚፈልገው አንድ መኪና አሳንሶ መሥራት እንደነበር ይነገራል። ኩባንያው ዛሬም ከዚያ ብዙ አልራቀም። በ2024 ለመላው ዓለም ያስረከበው 13,752 መኪና ብቻ ነው። በ2022 ያወጣውን ባለ አራት በሩን ፑሮሳንጉዌን ደግሞ ከጠቅላላ ምርቱ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ገድቦታል። ላምቦርጊኒ በዓመት ከ10,000 በላይ መኪና ያስረከበው ለመጀመሪያ ጊዜ በ2023 ነው። በዚያው ዓመት ያስተዋወቀው ሬቩዌልቶ ገና ከጅምሩ ከሁለት ዓመት በላይ የሚያሠራ ትዕዛዝ ተቀበለ።

ማንም ያላሰበው ችግርም አለ። ኬንታኪ፣ ቦውሊንግ ግሪን የሚገኘውን የኮርቬት ፋብሪካ ታሪክ ይዩ። ሞተሩ ወደ መሃል የመጣው አዲሱ ኮርቬት በ2019 የሠራተኞች አድማ ምክንያት ዘገየ። በየካቲት 2020 ምርት ተጀመረ፤ በመጋቢት ኮቪድ ዘጋው። በታኅሣሥ 2021 ደግሞ አውሎ ነፋስ ፋብሪካውን መታው፤ ተሠርተው ያለቁ ከመቶ በላይ መኪኖች ተበላሹ። በ2022 መጀመሪያ 4,000 ገደማ የፎልክስዋገን ግሩፕ መኪኖችን የጫነች ፌሊሲቲ ኤስ የተባለች መርከብ አትላንቲክ ላይ ተቃጥላ ሰጠመች። ብዙ ፖርሽና ላምቦርጊኒ አብረዋት ጠፉ። ተራቸው ደርሶ መኪናቸው መርከብ ላይ የነበረ ሰዎች እንደገና መጠበቅ ነበረባቸው። ስለዚህ ሻጩ የሚነግርዎት ወር ግምት ነው። በዚያ ቀን ላይ ተመሥርተው አሁን የሚነዱትን መኪና አይሽጡ።

## መመዘኛው ይቅደም

የፌራሪና የፖርሽ አድናቂዎች ሲከራከሩ ቢውሉ ለኪስዎ የሚተርፍ ነገር የለም። አማራጮቹን በእነዚህ አምስት ጥያቄዎች ይመዝኑ።

ጠቅላላ ወጪ። የመኪናው ዋጋ፣ ጭማሪው፣ ታክሱ፣ ወለዱና በኋላ ሲሸጥ የሚጎድለው ተደምሮ።

ጊዜ። ቁልፉ እጅዎ እስኪገባ ስንት ወር ይፈጃል?

ምርጫ። ቀለሙን፣ ወንበሩን፣ ካምቢዮውን እርስዎ ይመርጣሉ ወይስ የተገኘውን ይወስዳሉ?

እርግጠኝነት። የተባለው ነገር በጽሑፍ አለ? ዋጋው ቢጨምር ማን ይሸከመዋል?

መውጫ። ሐሳብዎ ቢቀየር ቀብዱ ይመለሳል? መኪናውን በፈለጉ ጊዜ መሸጥ ይችላሉ?

ብዙ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ላይ ብቻ ያተኩራል። እኔ ግን አራተኛውን አስቀድማለሁ። በዚህ ገበያ የተጎዱ ሰዎችን ነገር ስሰማ፣ አብዛኛው ችግር የመጣው በቃል ብቻ ከተነገረ ተስፋ ነው።

## አንደኛ፦ በስቲከር ዋጋ መጠበቅ

ሁሉም የሚመኘው መንገድ ነው። ስቲከር ዋጋ የሚባለው ፋብሪካው የጠቆመው፣ መስኮቱ ላይ የሚለጠፈው ዋጋ ነው። ጭማሪ የለም። መኪናው እርስዎ በመረጡት ቀለምና ዕቃ ተሠርቶ ይመጣል። ለሚጠብቅ ሰው ከዚህ የተሻለ የለም። ጥያቄው በእርግጥ እየጠበቁ ነው ወይ የሚለው ነው።

መዝገብ ላይ መስፈርና ኮታ ማግኘት ይለያያሉ። አንዱ ሻጩ ኮምፒውተር ውስጥ ያለ ስም ነው። ሌላው ፋብሪካው የሚያውቀው ትዕዛዝ ነው። በኮርቬት ልዩነቱ በቁጥር ይታያል። ትዕዛዙ 1100 ላይ ከሆነ ሻጩ ገና አስገብቶታል፣ ከዚያ አላለፈም። 2000 ከሆነ ጄኔራል ሞተርስ ተቀብሎታል። 3000 ላይ የምርት ክፍሉ ወስዶታል፤ ከዚያ ወዲያ ቀለም ልቀይር ቢሉ ብዙ ጊዜ አይቻልም። 3800 ማለት መኪናው ተሠርቷል። 5000 ማለት ሻጩ ግቢ ደርሷል። «ትዕዛዜ ስንት ላይ ነው?» ብለው ይጠይቁ። ቁጥር ካልተሰጠዎት ገና ትዕዛዝ የለዎትም። ፖርሽ ላይ የሚጠየቀው የኮሚሽን ቁጥር ነው። ሻጩ ትዕዛዙን ሲስተም ውስጥ ሲያስገባ ይወጣል።

ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት የሚከተሉትን ጠይቀው መልሱን በኢሜይል ያስልኩ፦

- ባለፈው ዓመት ከዚህ ሞዴል ስንት ደረሳችሁ?
- ከእኔ በፊት ቀብድ የከፈለ ስንት ሰው አለ?
- ቀብዱ ይመለሳል? እስከ መቼ?
- የምትሸጡልኝ በስቲከር ዋጋ ነው?
- የሞዴሉ ዓመት ካለፈ ወይም ፋብሪካው ዋጋ ከጨመረ ምን ይሆናል?
- አስቀድሜ ሌላ መኪና መግዛት ይጠበቅብኛል?

የሁለተኛውን ጥያቄ መልስ ለመጀመሪያው መልስ ያካፍሉ። በዓመት 4 መኪና የሚደርሰው ሻጭ ከፊትዎ 30 ሰው ካለው፣ ሒሳቡ ሰባት ዓመት ተኩል ነው። ሞዴሉ ራሱ ያን ያህል አይቆይም። እንዲህ ዓይነት ሻጭ ጋ ቀብድ ማስያዝ ትርጉም የለውም፣ ሰዎቹ የቱንም ያህል ትሁት ቢሆኑ። በዓመት በመቶዎች የሚቆጠር ኮርቬት የሚሸጡ ትልልቅ ሻጮች ጋ ግን ወረፋው ረጅም ቢመስልም ቶሎ ይሄዳል። የሚወስነው የሰልፉ ርዝመት ሳይሆን የሚሄድበት ፍጥነት ነው።

የመጨረሻው ጥያቄ ላይ ቆም እንበል። ፖርሽም ሆነ ፌራሪ የሚሸጡ ብዙ ቤቶች ተፈላጊውን መኪና የሚሰጡት ለነባር ደንበኛ ነው። ፌራሪ እንደ ኤፍ80 ያለውን፣ በ799 ብቻ የተገደበውን መኪና ሲያወጣ፣ ገንዘብ ያለው ሁሉ ሳይሆን የተመረጠ ደንበኛ ነው የሚያገኘው። ጂቲ3 ለሚፈልግ ሰው ደግሞ «መጀመሪያ ካየን የተባለውን የፖርሽ የቤተሰብ መኪና ቢወስዱ ጥሩ ነበር» ሊባል ይችላል። ካየኑን በእርግጥ ለቤተሰብ ከፈለጉት እሰየው፣ በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ ነው። ካልፈለጉት ግን ሒሳቡን ያውጡ። 100,000 ዶላር የገዙት መኪና በሁለት ዓመት 25,000 ቢወርድ፣ ለጂቲ3ው 25,000 ዶላር ጭማሪ ከፍለዋል ማለት ነው። ወረቀት ላይ ስላልተጻፈ ብቻ ነጻ አይሆንም። ደግሞም ካየኑን መግዛት ጂቲ3ውን ያስገኛል ብሎ የሚፈርም ሻጭ ብርቅ ነው።

ዋጋም በመሃል ይቀየራል። በሚያዝያ 2025 አሜሪካ ከውጭ በሚገቡ መኪኖች ላይ 25 በመቶ ቀረጥ ጣለች። ፌራሪ በአንዳንድ ሞዴሎች ላይ እስከ 10 በመቶ ዋጋ እንደሚጨምር አስታወቀ። በኋላ ለአውሮፓ ኅብረት መኪኖች ቀረጡ ወደ 15 በመቶ ወረደ። በ300,000 ዶላር መኪና ላይ 10 በመቶ 30,000 ዶላር ነው። ይህን ማን እንደሚከፍል ውሉ ላይ ካልተጻፈ፣ ከፋዩ እርስዎ እንደሆኑ ይቁጠሩ።

መሸጥም ሊከለከል ይችላል። ፎርድ የፎርድ ጂቲ ገዢዎችን ለ24 ወር እንዳይሸጡ አስፈርሞ፣ ተጋዳዩን ጆን ሲናን ቀድሞ በመሸጡ በ2017 ከሶታል፤ በስምምነት አለቀ። ፖርሽ 1,963 ብቻ የተሠራውን 911 ኤስቲ አሜሪካ ውስጥ የሰጠው የመጀመሪያውን ዓመት በሊዝ ነው። ባለቤትነቱ የሚተላለፈው ከዚያ በኋላ ነው። ጄኔራል ሞተርስ ዚ06ን 12 ወር ለያዘ ሰው 5,000 ዶላር የሚያወጣ የደንበኛ ሽልማት ነጥብ ሰጠ፤ ቀድሞ ከተሸጠ ግን የተወሰኑ የዋራንቲ መብቶች ይቋረጣሉ አለ። ለመንዳት ለሚገዛ ሰው እነዚህ ገደቦች ብዙም አያስጨንቁም። እንዲያውም አትራፊውን ስለሚያርቁ ይጠቅሙታል። ገንዘቡ በመሃል ሊያስፈልገው ለሚችል ሰው ግን ከባድ ናቸው።

## ሁለተኛ፦ ጭማሪ ከፍሎ ዛሬ መውሰድ

መኪናው መሸጫ ክፍሉ ውስጥ ቆሟል። የመስኮቱን ወረቀት ቀረብ ብለው ይዩት። ከ1958 ጀምሮ በአሜሪካ ሕግ እያንዳንዱ አዲስ መኪና የፋብሪካውን ዋጋ የያዘ ወረቀት መስኮቱ ላይ ሊኖረው ይገባል። መነሻ ዋጋው፣ የእያንዳንዱ ተጨማሪ ዕቃ ዋጋ፣ ማጓጓዣው፣ ከታች ድምሩ። ከጎኑ ሌላ ጠበብ ያለ ወረቀት ካለ የሻጩ ነው። «የገበያ ማስተካከያ» ተብሎ አንድ ትልቅ ቁጥር የሚቀመጠው እዚያ ላይ ነው። አንዳንዴ ደግሞ ይበተናል፦ ለቀለም መከላከያ ፊልም ይህን ያህል፣ ለመስታወት ማጥቆሪያ ይህን ያህል፣ ጎማ ውስጥ ለተሞላ ናይትሮጂን ይህን ያህል። በየትኛውም ስም ቢመጣ ጭማሪ ነው፣ ሁሉም ለድርድር ክፍት ነው።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ስቲከሩ 180,000፣ ጭማሪው 50,000 ዶላር ነው እንበል። ቨርጂኒያ የሚኖር ሰው በሽያጭ ዋጋው ላይ 4.15 በመቶ ታክስ ይከፍላል። ለጭማሪው ብቻ 2,075 ዶላር ታክስ አለ። ጭማሪው በብድር ከሆነ፣ በ7 በመቶ ወለድ ለስድስት ዓመት በወር ወደ 850 ዶላር ይመጣል። በጠቅላላው ከ61,000 በላይ ይከፈላል። ይህ ሁሉ የመኪናው ዋጋ ሳይነካ ነው። ኢንሹራንሱንም ያስቡበት። የተለመደው ፖሊሲ መኪናው ቢወድም የሚከፍለው የዕለቱን የገበያ ዋጋ ነው፣ እርስዎ የጨመሩትን አይቆጥርም። እንዲህ ላለ መኪና አስቀድሞ በተስማሙበት ዋጋ የሚከፍል ፖሊሲ ይጠይቁ።

«ግድ የለም፣ ዋጋው ይወጣል» የሚል ሰው የፖርሽ 911 አርን ታሪክ ይወቅ። በ2016 ወጣ። 991 ብቻ ነው የተሠራው። የጂቲ3 ዓይነት ሞተር ከማንዋል ካምቢዮ ጋር በዚያን ጊዜ አንድ ላይ የተገኘው እሱ ላይ ስለነበር ሰው ተሻማበት። ከፋብሪካ ዋጋው ብዙ እጥፍ ተጠየቀበት። በሚቀጥለው ዓመት ፖርሽ ራሱ ጂቲ3ን በማንዋል አወጣ፣ ያለ ትልቁ የኋላ ክንፍ የሚመጣውን ቱሪንግንም ጨመረ። የ911 አር ዋጋ ወረደ። መኪናው አልተበላሸም፤ ብቸኛ የነበረበት ነገር ቀረ። ፋብሪካው ነገ ምን እንደሚያወጣ እርስዎ አያውቁም፣ ሻጩም ላያውቅ ይችላል።

ኮርቬት ዚ06 ላይም ተመሳሳይ ነገር ሆኗል። መጀመሪያ ላይ ትልቅ ጭማሪ ተከፈለበት፣ ምርቱ ሲበዛና ወለድ ሲጨምር ጭማሪው ሟሸሸ። ቁጥሩ ያልተገደበ መኪና ላይ የሚከፈል ጭማሪ የጊዜ ዋጋ ነው፤ ጊዜው ሲያልፍ አብሮ ያልፋል።

ታዲያ መቼ ያዋጣል? በጥሬ ገንዘብ ለሚገዛ፣ አሥር ዓመት ለሚይዘውና መጠበቅ ለማይችል ሰው። ዕድሜው ወይም ጤናው «ሁለት ዓመት ቆይ» የማይለው ሰው አለ፤ እሱን «ታገስ» ማለት ተገቢ አይደለም። ብቻ ከመፈረምዎ በፊት ያንኑ ሞዴል ጥቂት ሺህ ማይል የተነዳ ስንት እንደሚሸጥ ይዩ። ያገለገለው ከጭማሪው ዋጋ በታች ከሆነ፣ ጭማሪውን ለመክፈል ምክንያት የለም።

## ሦስተኛ፦ ብዙ ያልተነዳ መግዛት

ሰዎች እነዚህን መኪኖች ገዝተው ብዙ አይነዷቸውም። ሦስት ዓመት ሞልቶት 4,000 ማይል ያልሞላ መኪና ማግኘት ቀላል ነው። ጊዜ አይፈጅም፣ ዋጋው ፊት ለፊት ይታያል፣ የሚሸጥበትም ገደብ የለም። ቀለሙን አይመርጡም እንጂ ሌላው ሁሉ ተመቻችቶ ይገኛል።

ሥራው ምርመራው ላይ ነው። ፖርሽ ከሆነ የሞተሩ ኮምፒውተር ሞተሩ ከልኩ በላይ የተሽከረከረበትን ጊዜ በስድስት ደረጃ ይመዘግባል። አምስተኛና ስድስተኛ ደረጃ ላይ ቁጥር ካለ፣ አንድ ሰው ማርሽ ተሳስቶ ሞተሩን አሠቃይቶታል ማለት ነው። ይህ ሪፖርት ሳይታይ ጂቲ3 አይገዛም። የቀለሙን ውፍረት በመለኪያ ያስለኩ፤ አንድ በር ከሌላው በጣም ከወፈረ እንደገና ተቀብቷል። የሴራሚክ ፍሬን ካለው የዲስኮቹ ሁኔታ በባለሙያ ይታይ፣ መቀየሪያው እጅግ ውድ ነው። ሜካኒኩ ሻጩ የመረጠው ሳይሆን እርስዎ የከፈሉት ይሁን። ለምርመራ ጥቂት መቶ ዶላር መክፈል የሚከብደው ሰው ይህን መኪና ባይገዛ ይሻላል።

ዋራንቲው ወደ እርስዎ መተላለፉን በሻሲ ቁጥሩ ያጣሩ። ከላይ ያነሳሁት የዚ06 ገደብ የሚመለከተው ሁለተኛውን ገዢ ነው።

አንድ ጥንቃቄ አለ። አዲስ መኪና በስቲከር ዋጋ ማግኘት እጅግ ከባድ ለሆነባቸው ሞዴሎች ያገለገለው ከአዲሱ በላይ ይጠራል። ያን ጊዜ ይህ አማራጭ በሌላ በር የመጣ ጭማሪ ነው። እንደ ማክላረንና አስቶን ማርቲን ባሉት ላይ ግን ብዙዎቹ መደበኛ ሞዴሎች በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በጣም ይወርዳሉ። ለሁለተኛው ገዢ በረከት ነው፤ ከዚያ ላይ ግን የጥገና ወጪ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

## አራተኛ፦ ወረፋ የሌለውን ወንድሙን መውሰድ

ብዙ ሰው የሚዘለው፣ እኔ ግን በጣም የምወደው አማራጭ ነው። ጂቲ3 የተወደደው በደቂቃ እስከ 9,000 ዙር በሚወጣው ባለ 4 ሊትር ሞተሩ ነው፤ ያ ድምፅ ምትክ የለውም። ለመንገድ ከሆነ ግን አዲሱ 911 ካሬራ ጂቲኤስ 532 የፈረስ ጉልበት አለው። ጂቲ3 502 ነው። ማንዋል የሚወድ ሰው ካሬራ ቲን ይመልከት። ሁለቱም ከጂቲ3 ይልቅ ለወገብ የተመቹ ናቸው፤ ይህን የሚያደንቁት ከቤት እስከ ሥራ በሚነዱት ቀን ነው።

ኮርቬት ላይም እንዲሁ። ዚ06 670 የፈረስ ጉልበት ያለው አስደናቂ መኪና ነው። መደበኛው ስቲንግሬይ ደግሞ እስከ 495 አለው፣ በ2020 ሲወጣ ከ60,000 ዶላር በታች ይጀምር ነበር። በሕጋዊ ፍጥነት የሁለቱን ልዩነት በአብዛኛው የሚለየው ጆሮ ነው። ወደ ውድድር ሜዳ ለማይሄድ ሰው የዚ06 ወረፋና ጭማሪ ልፋቱን አይመልስም ብዬ አምናለሁ።

## አምስተኛ፦ ሰው የተወውን ትዕዛዝ መውሰድ

የታዘዘ መኪና ሲደርስ አንዳንዱ ገዢ ሥራ አጥቷል፣ አንዱ ተፋቷል፣ ሌላው ቤት ገዝቷል። ሻጩ ያን መኪና ቶሎ መሸጥ ይፈልጋል። ለሻጩ እንዲህ ብለው ይጻፉለት፦ «የተተወ ትዕዛዝ ከመጣ ይደውሉልኝ፣ ቀለም አልመርጥም፣ ገንዘቡ በሁለት ቀን ይገባል።» የባንክ ማረጋገጫውን አያይዙ። በተለያዩ ክፍለ ግዛቶች ላሉ አሥር ሻጮች ይላኩ። ወጪ የለውም። ሻጮች ለማሳያ የነዷቸውን መኪኖችም አብረው ይጠይቁ።

## ስድስተኛ፦ መጀመሪያ መንዳት

ፖርሽ አትላንታና ሎስ አንጀለስ አካባቢ የመንጃ ሜዳ ያላቸው ማዕከሎች አሉት። ተከፍሎ ከአሠልጣኝ ጋር ይነዳል። ቁመትዎ ወንበሩን መቀበሉን፣ ጀርባዎ መቻሉን እዚያ ያውቃሉ። ሁለት ዓመት ከመጠበቅ በፊት ይህን ማድረግ ግዴታ ሊሆን ይገባል።

## በአንድ እይታ

| አማራጭ | ጊዜ | ከስቲከር ዋጋ ጋር ሲነጻጸር | የቀለምና የዕቃ ምርጫ | እርግጠኝነት | መውጫ |
|---|---|---|---|---|---|
| በስቲከር ዋጋ መጠበቅ | ከወራት እስከ ዓመታት | እኩል፤ በመሃል ሊጨምር ይችላል | ሙሉ | በጽሑፍ ካለ ጥሩ፣ ከሌለ ደካማ | ቀብዱ ከተመለሰ ጥሩ፤ የመሸጥ ገደብ ሊኖር ይችላል |
| ጭማሪ መክፈል | በቀናት | ከፍ ያለ | የቆመውን ብቻ | ከፍተኛ | ሲሸጥ ጭማሪው ሊጠፋ ይችላል |
| ብዙ ያልተነዳ | ከቀናት እስከ ሳምንታት | እንደ ሞዴሉ ከታች ወይም ከላይ | የተገኘውን | በምርመራው ልክ | ነጻ |
| ወረፋ የሌለው ወንድም | አጭር | እኩል፣ አንዳንዴ ቅናሽ | ሰፊ | ከፍተኛ | ነጻ |
| የተተወ ትዕዛዝ | አይታወቅም | ወደ ስቲከር ዋጋ የቀረበ | የለም | መኪናው ሲደርስ ከፍተኛ | እንደ ውሉ |
| መጀመሪያ መንዳት | በቀናት | የአንድ ቀን ክፍያ | የለም | ከፍተኛ | ነጻ |

## ለማን የቱ ይሻላል?

በጀትዎ 100,000 ዶላር ገደማ ከሆነ ስቲንግሬይ አዲስ፣ ወይም ጥቂት ዓመት የቆየ 911 ካሬራ ይውሰዱ። ለዚ06 ጭማሪ ለመክፈል ብድር አይጨምሩ። በዚህ ላይ አልደራደርም፤ መኪናው የደስታ መኪና ነው፣ የወሩ ክፍያ እንቅልፍ ከነሳ ደስታው የለም።

ጂቲ3 ብቻ ነው የምፈልገው ካሉና ነባር ደንበኛ ካልሆኑ፣ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ያድርጉ። ቀብዱ የሚመለስበት ሻጭ ጋ ይመዝገቡ፤ ጎን ለጎን ያገለገለ ይፈልጉ። ቀድሞ የመጣውን ይውሰዱ። የማይመለስ ቀብድ የሚጠየቀው ኮታው ሲረጋገጥና የኮሚሽን ቁጥሩ ሲወጣ ብቻ መሆን አለበት።

ፌራሪ የመጀመሪያዎ ከሆነ ከአዲሱ አይጀምሩ። በፋብሪካው ፈቃድ ካለው ሻጭ፣ ምርመራ ያለፈና ዋራንቲ ያለው ያገለገለ ይግዙ። ጥገናውንም እዚያው ያድርጉ። ሻጩ እርስዎን የሚያውቅበት መንገድ ይህ ነው፣ የማይፈልጉትን አዲስ መኪና ከመግዛትም ይረክሳል።

ሬቩዌልቶ ወይም የዚያ ደረጃ መኪና የሚያስቡ ከሆነ የውሉን ወረቀት ለጠበቃ ያሳዩ። የጠበቃው ክፍያ ከዋጋው አንጻር ምንም ማለት አይደለም።

ለማትረፍ ከሆነ ይቅርብዎ። ገደቡ በዝቷል፣ ታክሱ አለ፣ ዋጋውም ይወርዳል።

ለወገኖቻችን ሁለት ነገር ልጨምር። ዱባይ ያለ ዘመድ «እዚህ ያለ ወረፋ ይገኛል» ብሎ ይደውል ይሆናል። በአሜሪካ የደኅንነት ደረጃ ያልተሠራ መኪና 25 ዓመት ካልሞላው ወደ አሜሪካ ማስገባት እጅግ አስቸጋሪና ውድ ነው። ወደ ኢትዮጵያ ልውሰደው የሚልም አለ። መንግሥት በ2024 መጀመሪያ የቤንዚንና የናፍጣ መኪና እንዳይገባ ከልክሏል። ስለዚህ መኪናውን የሚነዱበት አገር ውስጥ ይግዙት።

የሚኖሩበት ግዛትም ይወስናል። ቨርጂኒያ ውስጥ በመኪናው ዋጋ ልክ በየዓመቱ የንብረት ግብር ይከፈላል፤ ለግል መኪና ሜሪላንድ ውስጥ ይህ የለም። የ200,000 ዶላር መኪና ላይ ትልቅ ገንዘብ ስለሆነ የካውንቲዎን ተመን አስቀድመው ይዩ።

ፍለጋውን በከተማዎ አይገድቡ። ከሌላ ግዛት የተገዛ መኪና በተሸፈነ ጭነት ቤትዎ ድረስ ይመጣል፣ የሽያጭ ታክሱም በአብዛኛው የሚከፈለው ሰሌዳ በሚያወጡበት ግዛት ነው። አቅራቢያዎ ያለው ሻጭ የስቲከር ዋጋውንና የቀብዱን መመለስ በጽሑፍ አልሰጥም ካለ፣ አመስግነው ይውጡና የሚቀጥለው ላይ ይደውሉ።